የፎቶ ዕቃ በርካሽ፦ የት እንቆጥብ፣ የት አንቆጥብ?

ፎቶ ሥራ የጀመሩ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ብለው ነው። መልሴ አጭር ነው፤ ያላችሁ ይበቃል። ኪስ የሚያራቁተው ካሜራው ሳይሆን ዙሪያው ያለው ኮተት ነው። ስታንድ፣ ሚሞሪ፣ ባትሪ፣ ሶፍትቦክስ (የመብራት ማለዘቢያ የጨርቅ ሳጥን)፣ ባክግራውንድ፣ ሌንስ ፊት የሚጠለፍ ፊልተር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ሲደመር ግን ሌላ ካሜራ ይገዛል።

እኔ በሥራ ቀናት ቦርሳና ጫማ ለሚሠሩ ትንንሽ አምራቾች የዕቃ ፎቶ አነሳለሁ፤ አብዛኞቹ የሚሸጡት በቴሌግራም ነው። ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ነው። ለሁለቱም የምይዘው አንድ ሻንጣ ነው፤ የሻንጣው ግማሽ ደግሞ ከፎቶ ዕቃ ሱቅ የተገዛ አይደለም። ከጨርቅ ሻጭ፣ ከቧንቧ ዕቃ መደብርና ከእብነ በረድ ቆራጭ የተገኘ ነው።

ዋጋ አልጠራላችሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው አይጨበጥም። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ለእናንተ ሲደርስ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ይልቅ የምሄድበትን ደንብ ልንገራችሁ። ብርሃን የሚመልስ፣ የሚያለዝብ ወይም የሚጋርድ ዕቃ በሙሉ በርካሽ ይገኛል፤ ቤት ካለ ጭራሽ አይገዛም። ፎቶውን የሚይዘውና ኤሌክትሪክ የሚይዘው ዕቃ ላይ ግን ቁጠባ የለም። ሚሞሪና ባትሪ ማለቴ ነው።

አቡጀዲና የቧንቧ ቱቦ

ሱቅ ውስጥ ካለ ከማንኛውም ሶፍትቦክስ ይልቅ የምወደው ይህንን ነው። የሚያስፈልገው ነጭ አቡጀዲ፣ ቀጭን የፕላስቲክ የውሃ ቱቦና ማዕዘኑን የሚያያይዙ አራት ኤልቦዎች ብቻ ነው።

አቡጀዲውን መርካቶ ጨርቅ ተራ ወይም ሰፈራችሁ ካለ ጨርቅ ሻጭ ግዙ። ስትመርጡ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ንጣቱ። ወደ ክሬም የሚያደላ አቡጀዲ አለ፤ እሱ ቦርሳውንም የሰውንም ፊት ቢጫ ያደርጋል። ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩት። ሁለተኛ ውፍረቱ። ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርጉትና እጃችሁን ከኋላው አድርጉ። ጣቶቻችሁ አንድ በአንድ ጎልተው ከታዩ ስስ ነው። እጅ መሆኑ እየታወቀ ጠርዙ ከደበዘዘ ልክ ነው። ምንም ካልታየ ደግሞ ብርሃኑን ይበላባችኋል።

ከመስፋታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እጠቡት። አዲስ አቡጀዲ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ከተሰበሰበ ቱቦው አይገባም። ከዚያ ሰፈር ላለ ልብስ ሰፊ ስጡና ዙሪያውን እንደ መጋረጃ መስቀያ ቱቦ የሚያስገባ አድርጎ እንዲያጥፈው ንገሩት። አራቱ ማዕዘን ላይ ጨርቁ ይቆረጥ፤ ኤልቦው የሚገባው እዚያ ነው። እኔ የምሠራበት ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል ነው። ታክሲ ውስጥ ይዞ ለመግባት እንዲመች ረጅሙ ቱቦ ለሁለት ይቆረጥና በመቀጠያ ይያያዝ። ማጣበቂያ አትጠቀሙ። ሳይጣበቅም ይቆማል፤ ሥራ ሲያልቅ ይፈታል።

አሁን አንድ ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። ፍላሹን በቀጥታ ስታበሩበት ቆዳው ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ነጥብ ትወጣለች፤ ሌላው ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስፌቱም አይታይም። አቡጀዲውን በቦርሳውና በፍላሹ መሀል አቁሙት። ለቦርሳው በጣም ይጠጋ፤ ፎቶው ውስጥ ሊገባ ጥቂት እስኪቀረው። ፍላሹን ከጨርቁ አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አርቁት፤ ብርሃኑ ጨርቁን ሙሉ ይሞላል። ያቺ ነጥብ ትጠፋና በምትኩ ከቦርሳው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ለስላሳ ነጸብራቅ ይወጣል። የቆዳው ሸካራነት ይታያል። ስፌቱ ይታያል። ደንበኛ የሚገዛው እሱን አይቶ ነው። ፍላሽ ከሌላችሁ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ፊት አቁሙት፤ ውጤቱ ያው ነው።

በሌላው ጎን ብርሃን የሚመልስ ነገር ያስፈልጋል። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ታሽጎ የሚመጣበትን ነጭ ፎም ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ይጥሉታል። ጠይቁ፤ ደስ ብሏቸው ነው የሚሰጡት። ጠፍጣፋ ካስፈለጋችሁ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ሞዴል የሚሠሩበት ፎም ቦርድ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለ። አንዱን ገጽ ነጭ ተዉት፤ ሌላውን ጥቁር ከፋይ ልበሱት። ከፋይ ብርሃን ስለሚውጥ ነጭ ጫማን ከነጭ ባክግራውንድ ለይታችሁ ለማሳየት ጎኑ ላይ ታቆሙታላችሁ፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራል።

የምግብ ፎይል ለጌጣጌጥ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ጨምድዱት፤ ከዚያ ዘርግታችሁ ካርቶን ላይ ለጥፉት። ለሰው ፊት ግን አልመክርም፤ ላብ ያስመስላል። ለመኪና መስታወት የሚጋረደው ብርማ የፀሐይ መከላከያ ደግሞ ውጭ ለምትሠሩት ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ) ይሆናል። ታጥፎ ቦርሳ ይገባል።

ሰርግ ላይ ይህም አያስፈልጋችሁም። መልስ ቀን ቤቱ ነጭ በለበሰ ሰው የተሞላ ነው። ሙሽሪትን ከመስኮት ጎን አስቀምጡና ነጭ ጋቢ የለበሱትን አክስት «እማማ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ይቁሙልኝ» ብላችሁ በጥላው በኩል ከካሜራው ዕይታ ውጭ አቁሟቸው። ከጋቢያቸው የሚመለሰው ብርሃን የሙሽሪትን ፊት ያፈካዋል። ነጠላም መስኮት ላይ ሲሰቀል ድንቅ ማለዘቢያ ነው፤ ጥለቱ ብቻ ወደ ውጭ ይሁን።

ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፍ

ለምግብና ለዕቃ ፎቶ የእብነ በረድ ስሜት ያለው የታተመ ወረቀት የሚሸጡ አሉ። አያስፈልግም። እብነ በረድ የሚቆርጡ ቤቶች በር ላይ የተረፈ ቁራጭ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። እውነተኛውን ነው የምታገኙት። ጠርዙ እንዳይቆርጣችሁ እንዲያለሰልሱላችሁ ጠይቁ። የሴራሚክ ሱቆችም አንዲት ሴራሚክ ብቻ ይሸጣሉ፤ የማያብለጨልጨውን ምረጡ። የእንጨት መልክ የፈለገ ለወለል የሚነጠፈውን ላስቲክ አንድ ሜትር ያስቆርጥ። ተጠቅልሎ ይያዛል፤ ወጥ ቢፈስበትም ይጠረጋል።

ለሰው ባክግራውንድ ያው አቡጀዲ ሰፋ ተደርጎ ይሠራል። ውሃ ቀመስ የቤት ቀለም ሁለት ተቀራራቢ ዓይነት፣ ለምሳሌ ግራጫና ቡና ዓይነት፣ በትልቅ ስፖንጅ እያደባለቃችሁ ቀቡት። መሀሉ ፈካ፣ ዳሩ ጠቆር ይበል። ሲደርቅ አጣጥፋችሁ አታስቀምጡት፤ ቱቦ ላይ ጠቅልሉት። ባነር ማተሚያ ቤት የሚታተም ባክግራውንድ ከመረጣችሁ ደግሞ የማያብለጨልጭ ይሁን ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የሚያብለጨልጨው ፍላሽ ሲነካው ነጭ ጠባሳ ያወጣል።

ስታንድ

ርካሽ የመብራት ስታንድ ይበቃል፤ ግን ሱቅ ውስጥ ሙሉ ዘርግታችሁ ሞክሩት። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ አጥብቁና ከላይ ወደ ታች ተጫኑት። የሚንሸራተት ካለ ተዉት፤ ሠርቶ የሚቆይ አይደለም።

ስታንድ የሚወድቀው ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን ክብደት ስለሌለው ነው። አዳራሽ ውስጥ ሕፃናት ይሮጣሉ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን ጥብቅ አድርጉና ስታንዱ እግር ላይ በገመድ እሰሩት። 5 ኪሎ ክብደት በነፃ አገኛችሁ። ስትመለሱ ትደፉታላችሁ፤ አሸዋ ተሸክሞ መሄድ የለም። የኤሌክትሪክ ገመድ ግን አጠገቡ አይለፍ።

ስለ ብሎን አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ካሜራ የሚጎዳው በዚህ ነው። ከካሜራው ሥር የሚገባው ብሎን ሩብ ኢንች ነው፤ ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር። ብሎን ሻጮች ጋ በብዛት የምታገኙት ባለ 6 ሚሊ ነው። ሲያዩት ይመሳሰላል፤ ትንሽ ይገባልም። ጥርሱ ግን የተለየ ስለሆነ ስታጠብቁት የካሜራውን ጥርስ ይበላል፤ ካሜራውንም አይዝም። ስትገዙ «ሩብ ኢንች» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከትራይፖዳችሁ ብሎን ጋርም አስተያዩ።

ሚሞሪ

እዚህ ላይ ቁጣዬ ይመጣል። የሰው ሰርግ አይደገምም።

ገበያው ላይ 128 ጂቢ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ከዚያ በጣም ያነሰ ሚሞሪ አለ። ካሜራው ውስጥ ስታስገቡት 128 ብሎ ያሳያችኋል። ኮምፒውተሩም እንደዚያው። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች በትክክል ይገባሉ። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን ካሜራው ማንሳቱን ይቀጥላል፤ ፎቶው ግን የለም። ማታ ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት ግራጫ ሳጥን ነው የምታዩት። ማሸጊያውን አይቶ መለየት ከባድ ነው። ሻጩም «እህቴ፣ ኦርጅናል ነው» ሲል ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ እሱም አያውቀውም።

መለያው አንድ ነው፤ ሞልቶ ማንበብ። ኤችቱቴስት ደብሊው (H2testw) የሚባል ነፃ ፕሮግራም ለዊንዶውስ አለ፤ ለማክና ለሊኑክስ ኤፍ3 (F3) አለ። ሚሞሪውን ጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላዋል፤ ከዚያ መልሶ ያነበዋል። ያልተመለሰ ነገር ካለ ይነግራችኋል። ጊዜ ይወስዳል፤ 128 ጂቢ በሰከንድ 30 ሜጋ ባይት ቢጻፍ መሙላቱ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ሱቅ ቆማችሁ አትጨርሱትም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ፈትሼው ካልሠራ እስከ ነገ እመልሳለሁ» በሉ። የሚስማማ ሻጭ ጋ ግዙ። ደረሰኝ ላይ ይጻፍ። ማጉረምረም ከጀመረ ውጡ፤ ሌላ ሱቅ አለ።

ሚሞሪው ላይ ያለው ምልክትም ይነበብ። ክላስ 10 ማለት በሰከንድ ቢያንስ 10 ሜጋ ባይት ነው። ዩ3 ወይም ቪ30 ማለት ቢያንስ 30 ነው። ቪዲዮ የምትቀርጹ ከቪ30 አትውረዱ። ፎቶ ብቻ ከሆነ ፍጥነቱን ሳይሆን ታማኝነቱን አስቀድሙ። ለሰርግ ደግሞ ከአንድ 128 ሁለት 64 ይሻላል። አንዱ ቢበላሽ ግማሹ ቀን ተረፈ ማለት ነው።

ባትሪ

ፍላሽ በደብል ኤ የሚሠራ ከሆነ የሚጣለውን ድንጋይ ተዉት። ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ባትሪ፣ በተለይ ኢነሉፕ፣ መጀመሪያ ውድ ይመስላል። በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ቻርጅ ስለሚደረግ ጥቂት ሰርግ ላይ ዋጋውን ይመልሳል። ቮልቱ 1.2 ነው፤ የሚጣለው 1.5 ነው። አትደንግጡ፤ ፍላሹ በዚህ ቶሎ ይሞላል እንጂ አይዘገይም። አራቱን አንድ ላይ ቻርጅ አድርጉ፣ አንድ ላይ ተጠቀሙ፤ አዲስና አሮጌ አታደባልቁ።

የኤልኢዲ መብራትና ሞኒተር የሚሠሩበት ኤንፒ ኤፍ970 የሚባል ትልቅ ባትሪ አለ። ላዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፔር ሰዓት (የሚይዘውን ኃይል መጠን) አትመኑ፤ በሚዛን እመኑ። ውስጡ 6 ክብ ባትሪዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 45 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። 6 ጊዜ 45 ወደ 270 ነው፤ ሽፋኑ ሲጨመር ደግሞ ይበልጣል። እጃችሁ ላይ የቀለለ ባትሪ ውስጡ አንዳንድ ነገር ጎድሎታል። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ይዞ መሄድ አያሳፍርም።

ያገለገለ ፍላሽና መብራት

ጎዶክስ ቲቲ600 የሚባለውን ፍላሽ ያገለገለ ካገኛችሁ ውሰዱ። ብርሃኑን ራሱ አይለካም፤ ጉልበቱን በእጅ ነው የምታስተካክሉት። ለተረጋጋ ሥራ ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። ውስጡ ገመድ አልባ መቀበያ ስላለው ካሜራው ላይ ፍላሹን ከርቀት የሚያበራ ማስነሻ (ትሪገር) ብቻ ትጨምራላችሁ። ሶኒ ካሜራ ያላችሁ መጨረሻው ላይ ኤስ ያለውን ቲቲ600ኤስ ጠይቁ፤ የሌላው መሰኪያ አይገጥምም። ስትፈትሹ የባትሪ ቤቱን ክፈቱ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ ተዉት። እግሩ አይነቃነቅ። በሙሉ ጉልበት ደጋግማችሁ አብሩት፤ እየቆየ ለመሙላት ከተንቀራፈፈ ወይም የተቃጠለ ከሸተተ መልሱት።

ኤልኢዲ መብራት ስትገዙ ስልካችሁን አውጡና ስሎው ሞሽን ቅረጹበት። እየተንቀጠቀጠ ከታየ ቪዲዮ ላይ መስመር ያመጣባችኋል። ከዚያ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ወይም በርበሬ ላይ አብሩት። ቀዩ ወደ ቡናማ ከሄደ የመብራቱ የቀለም ጥራት ዝቅተኛ ነው። ሲአርአይ (የቀለም ትክክለኛነት መለኪያ) 95 እና ከዚያ በላይ የሚል ፈልጉ፤ ግን ከጽሑፉ በርበሬው ይበልጥ ይታመናል።

ፊልተር ላይ አጭር ልበል። ርካሽ ዩቪ ፊልተር ውድ ሌንስ ፊት አታድርጉ። ፖላራይዘር ግን ያስፈልጋል፤ የሙሽራ መኪና መስታወት ላይ ያለውን ነጸብራቅ ያጠፋል። ሱቅ ውስጥ ለመፈተሽ ሌንሱ ላይ የሚጠለፈውን ጎን ወደ ዓይናችሁ አድርጉና በእሱ በኩል የላፕቶፕ ስክሪን እያያችሁ አዙሩት። ስክሪኑ እየጠቆረ እየፈካ ካልሄደ ተራ መስታወት ነው። ለየሌንሱ አትግዙ፤ አንድ ባለ 77 ሚሊ ግዙና ትልቁ ፊልተር ለትንንሾቹ ሌንሶች እንዲገጥም ማሳደጊያ ቀለበት ጨምሩ። የቃል ኪዳን ቀለበት በቅርብ ለማንሳት የሚሆን፣ በካሜራውና በሌንሱ መሀል የሚገባ ማስረዘሚያ ቱቦም ርካሽ ነው፤ ከሌንሱ ጋር የሚገናኝ የብረት ነጥብ ያለውን ብቻ ግዙ፤ ያለዚያ የሌንሱን ክፍተት ማጥበብ አትችሉም።

ዘመድ ሲመጣ

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካለ ትልቅ ነገር አታስቸግሩት። እዚህ ፌኩ የበዛበትን ትንሽ ዕቃ ጠይቁ፤ ሚሞሪ፣ ኢነሉፕ፣ ግራጫ ካርድ (የቀለም ማስተካከያ)፣ ማሳደጊያ ቀለበት። ስሙን በጽሑፍ ከፎቶው ጋር ላኩ። አሜሪካ ላለ ሰው ኬኢኤች (KEH) እና ኤምፒቢ (MPB) ያገለገለ ዕቃ እየመረመሩ ደረጃ አውጥተው የሚሸጡ ድርጅቶች ናቸው፤ ላገለገለ ሌንስ ከእነሱ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ሁለት ነገር አስጠንቅቁት። ትርፍ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ እያንዳንዱም ከ100 ዋት ሰዓት አይለፍ። ሌላው ቮልት ነው። ቻርጀሩ ላይ «100-240» የሚል ከሌለ አያምጣ። የአሜሪካ የስቱዲዮ ፍላሽ 120 ብቻ ከሆነ እኛ ጋ 220 ላይ ሲሰካ ያበቃለታል።

ክረምትና ጽዳት

ከሰኔ እስከ መስከረም ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። የቆዳ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡት። አየር የማያስገባ የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ግዙና ሲሊካ ጄል ጨምሩበት። ከጫማ ካርቶን የሚወጣው ከረጢት ብዙውን ጊዜ እርጥበቱን ጠጥቶ የጨረሰ ነው። ቀለሙን የሚቀይረውን ብርቱካናማ ግዙ፤ ሲጠግብ ቀለሙ ይለወጣል። ምግብ በማይሠራበት አሮጌ መጥበሻ በዝግታ አሙቁት፤ ቀለሙ ሲመለስ እንደገና ይሠራል። ሩዝ አትጠቀሙ፤ ዱቄቱ ሌንስ ውስጥ ይገባል።

አቧራ መንፊያ ከፋርማሲ የሚገኘው የሕፃናት አፍንጫ መሳቢያ የጎማ ኳስ ይበቃል። መጀመሪያ ባዶውን ደጋግማችሁ ንፉት፤ ውስጡ ዱቄት ሊኖር ይችላል። መጥረጊያ ጨርቅ መነጽር ቤት ጠይቁ።

መከራየት

በዓመት ሦስት አራት ጊዜ የምትጠቀሙበትን ዕቃ አትግዙ። ትልቅ ሶፍትቦክስ፣ ረጅም ሌንስ፣ ጊምባል (ቪዲዮ እንዳይንቀጠቀጥ ካሜራ የሚይዝ) አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ይከራያል። ስትረከቡ ባለቤቱ ፊት ስልካችሁን አውጡና ዕቃውን ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹ፤ የሌንሱን የፊትና የኋላ መስታወት፣ የመለያ ቁጥሩንና ያለውን ጭረት ሁሉ። ስትመልሱም እንደዚሁ አድርጉ። በሰርጉ ዋዜማ ማታ ሳይሆን ከቀትር በፊት ውሰዱት፤ የጎደለ ገመድ ቢኖር ሱቅ ሳይዘጋ ትደርሱበታላችሁ።